ስም የሚጠራው ድምፅ

ማም ቲካ ጭንቀትን ከእናቷ ጡት ጋር የጠባች ሴት ናት። ቤቷን ቆልፋ ከወጣች በኋላ ተመልሳ እጀታውን ሳትነቀንቅ ባለ ሦስት ጎማዋን ታክሲ፣ ትራይሲክል፣ አትሳፈርም። ሰማዩ ጠርቶ እያለ ጃንጥላ ትይዛለች። ፈተና ስታርም የወደቀ ተማሪ ሲገጥማት፣ ጥፋቱ የጥያቄው ይሆን እንዴ ብላ ራሷ የጻፈችውን ጥያቄ ደጋግማ ታነባለች። ሙሉ ስሟ ኤስኮላስቲካ ነው። ከኢሎይሎ ከተማ ወጣ ብላ ባለችው በዚያች የባሕር ጠረፍ ከተማ ግን ከዓሣ ሻጮቹ ጀምሮ እስከ ቄሱ ድረስ ሁሉም ማም ቲካ ነው የሚላት። በከተማዋ ትንሽ ኮሌጅ ኮምፒውተር ስታስተምር ፀጉሯ ሸብቷል።

እሷ የምትወደው ፕሮግራም መጻፍ ማስተማር ነበር። "ኮምፒውተር ስትሳሳቺ እዚያው ፊት ለፊትሽ ይነግርሻል፤ ሰው ግን ዓመት ቆይቶ ነው፣ ያውም ለጎረቤት" ትል ነበር። ኋላ ኮሌጁ አዲስ ትምህርት አመጣ። ተማሪዎች አንድ ነገር ሲሠሩ ስለሚጠቀምበት ሰው፣ ስለ ክብሩና ስለ ምስጢሩ፣ ስለሚጎዳበትም ነገር አስቀድመው እንዲያስቡ የሚያስተምር ነው። ከመምህራኑ አንዱ "ይሄማ የቄስ ሥራ ነው" ብሎ ሳቀ። ሌላው ወገቤን ያመኛል አለ። ማም ቲካ እምቢ ማለት ስለማይሆንላት ትምህርቱ እሷ ላይ አረፈ።

እንዴት እንደሚያስተምሩት የነገራት ሰው አልነበረም። ስለዚህ የመጣላትን አደረገች። ኮምፒውተሮቹን ቆልፋ ተማሪዎቹን ወደ ገበያ፣ ወደ ወደብ፣ ወደ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ላከቻቸው። "ሂዱና ተቀመጡ" አለቻቸው። "ምንም እንዳትሠሩ። ሰው የሚያደርገውን ብቻ እዩ።"

ጁንሬ የሚባል ረዘም ያለ ልጅ አለ፤ እጁ ለሥራ፣ አፉ ለቀልድ የፈጠነ። "ማም፣ ይሄን ኮርስ የጨረሰ ሰው ዲግሪ ሳይሆን ኪንታሮት ነው የሚያገኘው" አላት። ክፍሉ በሳቅ ተንፈራፈረ። እሷም ሳቀች። ቤቷ ስትደርስ ግን እውነት አሟቸው ይሆን እያለች ስትብሰለሰል አመሸች፤ በማግስቱም ትራስ ይዛችሁ ሂዱ ብላ አዘዘች።

ነገሩ የጀመረው ጤና ጣቢያው ውስጥ ነው። እዚያ ወረፋ የሚይዘው ጫማ እንጂ ሰው አይደለም። ሰው ገና ጎሕ ሳይቀድ መጥቶ ነጠላ ጫማውን ሲሚንቶው ላይ ከሌላው ጫማ ኋላ ያስቀምጥና በባዶ እግሩ ታሊሳይ የሚባል ዛፍ ሥር ሄዶ ይቀመጣል። ጫማው ተሰልፎ ይቆያል፣ ባለቤቱ ያወራል፣ ትኩስ ዳቦ ይበላል። በሩ ሲከፈት ሁሉም በየጫማው ላይ ሄዶ ይቆማል። ችግሩ ዝናብ ሲመጣ ነው። ጫማው እንደ ጀልባ ይንሳፈፋል። ውሻም አንዱን እግር ነክሶ ይሮጣል። ደግሞ የከተማው ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ሰማያዊ ጫማ ከአንድ ሱቅ ስለሚገዛ "የኔ ነው፣ ያንተ አይደለም" የሚለው ጭቅጭቅ ማብቂያ አልነበረውም። ነርስ አርሴሊ የማም ቲካ የልጅነት ጓደኛ ናትና አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ፣ "ቲካ፣ እነዚያ ልጆችሽ መቀመጥ ብቻ ነው የሚያውቁት? አንድ ነገር ይሥሩልኝ እንጂ" አለቻት።

ልጆቹ ሄዱ። አግዳሚው ላይ ትራሳቸውን አነጠፉ፤ ማን መቼ እንደመጣ፣ ማን ከማን እንደተጣላ፣ የትኛው ሽማግሌ ክፍል ተሳስቶ እናቶች ጡት የሚያጠቡበት ገብቶ በእልልታ እንደተባረረ ሁሉ አዩ። ተመልሰውም መከሩ። ጁንሬ በሩ ላይ ታብሌት ይቀመጥ፣ ሰው ስሙን ያስገባ፣ ቁጥር ይሰጠው፣ ስክሪኑ ቁጥሩን ይጥራ አለ።

"በቁጥር?" አለች ማም ቲካ። ድምፅዋ ብዙ ጊዜ ከኋላ ወንበር አይሰማም፤ ያን ቀን ግን ተሰማ። "አባትህን በቁጥር ትጠራለህ?"

ሪያ ሜ የምትባለው ልጅ ከመስኮቱ አጠገብ እጇን አወጣች። ጨዋ ናት፤ ድምፅዋ እንደ ማር የሚጣፍጥ፣ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን መዝሙር የምትመራ። "ማም፣ አያቴን ባንክ ቤት 'አርባ ሁለት' ብለው ቢጠሯት ዝም አለች። ደግመው ሲጠሯት ተነሥታ፣ 'እኔ ሰባ አንድ ነኝ፤ ዕድሜዬን ልትቀንሱልኝ ባትደክሙ' አለቻቸው።"

በዚያች ከተማ ትልቅ ሰው ስሙ ብቻውን አይጠራም። ወንድ ከሆነ ኖንግ፣ ሴት ከሆነች ናንግ ይባልና ነው ስሙ የሚከተለው። ይህን የረሳ ልጅ ከእናቱ ኩርኩም አይቀርለትም። ስለዚህ ማሽኑ በስም፣ ያውም በኖንግና በናንግ እንዲጠራ ተስማሙ። ሽማግሌዎቹ ክፍል እንዳይሳሳቱም ከሕክምና ካርዳቸው እያየ ወዴት እንደሚሄዱ አብሮ እንዲነግራቸው አደረጉ። የክፍሎቹን ስም ጁንሬ በየበሩ ላይ፣ በጓሮ ባለው በር ላይም ጭምር፣ ከተለጠፈው ወረቀት ቀዳ። ድምፁን ሪያ ሜ ሰጠች። ማም ቲካ ሥራውን ስትሰማ ዓይኗ እንባ አቀረረ። አሥር ጊዜ አገላብጣ ስሕተት ብትፈልግ አጣችና ከፍ ያለ ማርክ ሰጠቻቸው። እኔ ያስተማርኩት ትምህርት እውነት ትምህርት ነበር ማለት ነው ብላ ለአንድ ሳምንት ያህል ሰላም አገኘች።

ማሽኑ ሥራ በጀመረበት ጠዋት ሰዉ ከወትሮው ይበልጥ መጣ። የታመመውም ያልታመመውም ድምፁን ሊሰማ ነው የመጣው። ማም ቲካ ከተማሪዎቿ ጋር ጥግ ላይ ቆማለች። "ናንግ ኢሲያ፣ እባክዎ ወደ ደም ግፊት ክፍል ይሂዱ" አለ የሪያ ሜ ድምፅ ከስፒከሩ፤ አሮጊቷ እንደ ሙሽራ ተሽኮርምማ ተነሣች። ሰዉ አጨበጨበ። ሌላም ተጠራ፤ ሌላም። ከዚያ ያው ማር የመሰለ ድምፅ፣ "ኖንግ ሴሌስ፣ እባክዎ ወደ ሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ክፍል ይሂዱ" አለ።

ኖንግ ሴሌስ ፀጉር አስተካካይ ናቸው። ገበያው ዳር ያለችውን ፀጉር ቤት ከአባታቸው ነው የወረሱት። የከተማው ወንድ ግማሹ፣ ጁንሬም ቄሱም ጭምር፣ አንገቱን አጎንብሶ የኖንግ ሴሌስ ትንፋሽ ማጅራቱ ላይ ሲያርፍ ነው ያደገው። አሁን አግዳሚው ጫፍ ላይ ጉልበታቸውን ገጥመው ተቀምጠዋል። አልተነሡም። ወዲያውኑ ስፒከሩ እንደተሠራው ደገመ። ጁንሬ ትልልቅ ሰዎች ጆሯቸው ይከብዳል ብሎ ሁለቴ እንዲጠራ ነበር ያደረገው። ሁለተኛው ጥሪ ሲያልቅ ኖንግ ሴሌስ የሸሚዛቸውን ኪስ ዳበሱ፤ አንድ ነገር ቤት እንደረሳ ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ቀስ ብለው በበሩ ወጡ። አጠገባቸው ተቀምጣ የነበረች ሴት ልጇን ብድግ አድርጋ በሌላኛው ጭኗ ላይ አዛወረች። ማም ቲካ ያቺን የልጅ ማዛወር አየች።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እኩለ ቀን ሳይሆን ወሬው ወደብ ደረሰ። በማግስቱ የገበያ ልጆች ጨዋታ አገኙ። አንዱ እጁን አፉ ላይ እንደ ስፒከር አድርጎ፣ በቀጭን ድምፅ "ኖንግ ሴሌስ፣ እባክዎ" ይላል፣ ሌሎቹ እየሳሉ ይሮጣሉ። ሪያ ሜ የገዛ ታናሽ ወንድሟን እንዲህ ሲጫወት ያዘችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ክፍል ውስጥ በሹክሹክታ ካልሆነ አልተናገረችም።

ኖንግ ሴሌስ ወደ ጤና ጣቢያው አልተመለሱም።

አርሴሊ ኮሌጁ ድረስ መጥታ ማም ቲካን በረንዳው ላይ ጠራቻት። "ሦስት ወር ሙሉ አንድ ቀን ሳያጓድሉ ነው የዋጡት። አሁን ቢያቋርጡ በሽታው መድኃኒቱን ይለምድና ይመለሳል፤ ያኔ በዚህ ክኒን አይድኑም። ቤታቸው ልወስድላቸው ብል በሩን አልከፈቱልኝም። እኔ ነጭ ልብሴን ለብሼ ደጃቸው መቆሜም ሌላ ስፒከር ነው፣ ቲካ።"

"እኔ ነኝ በስም ጥሩ ያልኩት" አለች ማም ቲካ።

"እኔም አጨብጭቤያለሁ። አሁን ማን እንዳለው ምን ያደርግልናል?"

የኖንግ ሴሌስ ፀጉር ቤት ስትደርስ ማም ቲካ ደጃፉ ላይ ቆም አለች። ወንድ ብቻ የሚገባበት ቤት ነው። ኖንግ ሴሌስ ንጹሑን ወለል ይጠርጋሉ፤ አንድ ፀጉር እንኳ የለበትም። ቶንዶሱ ጨርቅ ላይ ተጋድሟል፣ መቀሶቹ በመጠን መጠናቸው ተደርድረዋል፣ ማራገቢያው ላይ የታሰረው ቀይ ክር ይውለበለባል። ከመንገዱ ማዶ አዲስ ጎረምሳ የከፈተው ፀጉር ቤት ሰው ሞልቶት እስከ ውጭ ተሰልፏል።

"ይግቡ ማም። ወንበር ሞልቷል" አሉ።

ተቀመጠች። ስትመጣ በልቧ ያዘጋጀችው ንግግር ጠፋባት። "ኖንግ፣ ስለዚያ ጠዋት..."

"ድምፁ ጨዋ ነው" አሉ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ እያስደገፉ። "ኖንግ ብሎ ነው የጠራኝ። እባክዎም ብሏል። ቢሰድበኝ መልሼ በሰደብኩት ነበር፤ እያከበረ ለሚያዋርድህ ግን ምን ትለዋለህ?"

ማም ቲካ እጇን ጭኗ ላይ ታፍተለትላለች።

"ነርሷ አትሥራ ስትለኝ ቤቴ ተቀምጫለሁ። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ቤቴ መቀመጥ ለኔ እስር ቤት ነው፤ ቢሆንም ተቀመጥኩ። አክታዬ ንጹሕ ነው እስክትለኝ ድረስ መቀስ አላነሣሁም። ለዚህ ሁሉ ሰው ግን ይህን ማን ይነግርልኛል? የእርስዎ ማሽን ይነግርልኝ ይሆን?" ይህን ያሉት ሳይቆጡ ነው። ቢቆጡ ይሻላት ነበር። "ልጄ ባኮሎድ አለች። ቅዳሜ በጀልባ እሻገራለሁ። እዚያ ማንም አያውቀኝም።"

"መድኃኒቱስ?"

"እዚያም እኮ ጤና ጣቢያ አለ፤ ስፒከርም አይጠፋው" ብለው ፈገግ አሉ። ከዚያ መጥረጊያውን መልሰው አነሡ።

የሚቀጥለው ክፍል ላይ ማም ቲካ ምን ብላ እንደምትጀምር አላወቀችም። ስማቸውን ብታነሣ እሷም እንደ ስፒከሩ መሆኗ ነው። ባታነሣ ደግሞ ሁሉም ያንን እያሰበ ሌላ ነገር ማስተማር ይሆናል። ጁንሬ ቀደማት።

"ማም፣ በስም ጥሩ ያሉት እርስዎ ነዎት እኮ። እኔ ቁጥር ነበር ያልኩት።"

"ልክ ነህ።"

ልጁ እንዲህ በቀላሉ ታምንልኛለች ብሎ አልጠበቀም። አቀረቀረ። ቆይቶ፣ "ደግሞስ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ?" አለ፤ ይህን ያለው ከጥፋተኝነት ማምለጫ ሲፈልግ እንደሆነ ያስታውቅበታል።

"ከመድኃኒቱ አልደበቁም፣ ቶቶ" አለችው። ቶቶ ማለት ለልጅ የሚባል የፍቅር ጥሪ ነው፤ ክፍል ውስጥ ብላው አታውቅም። "በየቀኑ እየመጡ ክኒኑን ይውጡ ነበር። የደበቁት ከገበያው ነው። ያ ደግሞ መብታቸው ነበር። ድሮ እንዴት ነበር ግን? ያ ሁሉ ሰው ባለበት እንዴት ነበር ሳይታወቅ የሚገቡት? እዚያ ተቀምጣችሁ ስታዩ ክፍል የሚመራ ሰው የለም ብላችሁ ነበር የነገራችሁኝ።"

"የለም ማም" አለ ጁንሬ። "ማንም ለማንም ምንም አይልም ነበር።"

ማም ቲካ ወደ ሰሌዳው ዞረች። የትናንቱን ጽሑፍ ልታጠፋ ፈለገችና ዳስተሩ ጁንሬ አጠገብ ስለነበር ከንፈሯን ወደ ዳስተሩ ሾጠጥ አድርጋ ጠቆመችው። ልጁ ተነሥቶ አቀበላት። እሷ ግን እጇን ዘርግታ እንደቆመች ቀረች።

"አሁን ምን አልኩህ?" አለችው።

"ምንም አላሉኝም።"

"ታዲያ ለምን ዳስተር ሰጠኸኝ?"

ጁንሬ ክፍሉን አየ፤ ክፍሉ እሱን አየ። መጀመሪያ የገባት ሪያ ሜ ናት። እጇን አፏ ላይ አደረገች። አርሴሊ በር ላይ ቆማ የመጣውን ሰው ሁሉ በዓይኗ ትቀበልና በከንፈሯ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ጓሮ ትጠቁመው ነበር። የዚያ አገር ሰው ገበያም፣ ቤትም፣ ቀብርም ላይ በከንፈሩ ነው የሚጠቁመው። ልጆቹም ከእናታቸው ጀርባ ላይ ሆነው የለመዱት ስለሆነ፣ ትራስ አንጥፈው ሲጠብቁ ፊታቸው ላይ ያለውን ነገር አላዩትም። ያላዩትን ደግሞ አልጻፉትም። ባልጻፉት ቦታ ስፒከር ሰቀሉበት።

"እኔም አላየሁትም" አለች ማም ቲካ ቀስ ብላ። "ስድሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ስጠቁም ነው የኖርኩት።"

በዚያው ዕለት የኮሌጁ ዲን ጠራት። ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፣ ወንበር ስቦ ነው የሚያስቀምጣት። ዓርብ ከክፍለ ሀገሩ እንግዶች መጥተው ማሽኑን ያያሉ አለ። "ድምፁ ነው ልብ የሚነካው፣ ማም ቲካ። የአካባቢያችን ጨዋነት ያለበት ድምፅ።"

"ድምፁን ጁንሬ ሊያወጣው ነው" አለች፤ ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ነው።

"ከዓርብ በኋላ ያውጣው።"

ማም ቲካ በሕይወቷ አለቃዋን እምቢ ብላ አታውቅም። በየሰኔው የሚታደስ ውል ነው ያላት፤ ሰኔ ደግሞ ሩቅ አይደለም። "ዛሬ ነው የሚያወጣው" አለች። ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ራሷ የሌላ ሰው ንግግር የሰማች መሰላት። ዲኑ "እሺ፣ እንግዲህ" ብሎ ኮምፒውተሩን መመልከት ጀመረ። ያ "እንግዲህ" ለብዙ ቀን ጆሮዋ ውስጥ ኖረ። ጁንሬ ግን ስፒከሩን ነቅሎ፣ ሽቦውን ጠቅልሎ፣ ቀዳዳውን በሲሚንቶ ደፈነው።

ቅዳሜ ጠዋት ማም ቲካና ሪያ ሜ ወደብ ላይ ነበሩ። ሪያ ሜን ይዛት ልትመጣ አላሰበችም፤ ልጅቱ ናት ደጇ ላይ ቆማ የጠበቀቻት። መኪኖቹ ወደ ጀልባው ሆድ ይገባሉ፤ ሻጮች የተቀቀለ ኦቾሎኒና እንቁላል ይዘው በመስኮት በመስኮት ይዞራሉ። ማም ቲካ የዳቦ ወረቀት ቦርሳ ደረቷ ላይ አቅፋለች። ውስጡ አርሴሊ ለባኮሎዱ ጤና ጣቢያ የጻፈችው የዝውውር ወረቀትና እዚያ እስኪቀበሏቸው የሚዋጥ ክኒን አለ። በዳቦ ቦርሳ አድርጊልኝ ያለቻት ማም ቲካ ናት። የሚያዩት ሰዎች ዳቦ ይምሰላቸው ብላ ነው። መንገድ ላይ ግን ቅባት ይነካው ይሆን ብላ ደጋግማ ከፍታ አይታዋለች።

ኖንግ ሴሌስ አንድ የጨርቅ ሻንጣና የመቀስ ሣጥናቸውን እግራቸው መሐል አድርገው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ሲያዩአቸው ሊነሡ ቃጣቸውና ተዉት።

"ኖንግ፣ ድምፁ የኔ ነው" አለች ሪያ ሜ። በሹክሹክታ ነው፤ የጀልባው ሞተር ሊውጠው ነበር።

"አውቄዋለሁ፣ ኢንዳይ" አሏት፤ ኢንዳይ ለሴት ልጅ የሚባል ነው። "አባትሽ ፀጉሩን ሲቆረጥ ሁልጊዜ ስለ መዝሙርሽ ነው የሚያወራው። በዚያ ማሽን ግን ብትዘምሪበት ይሻል ነበር።"

ልጅቱ ልትስቅ ስትል እንባዋ ቀደማት። ኖንግ ሴሌስ ወደ ባሕሩ ዞሩላት፤ ሰው ሲያለቅስ ማየት ደንበኛን መስታወት እንደመከልከል ነውር ነው ብለው የሚያምኑ ሰው ናቸው።

ማም ቲካ ቦርሳውን ዘረጋችላቸው። አልተቀበሏትም። ቲኬታቸውን በጣታቸው እያጠፉ እየዘረጉ፣ "እዚያስ በስም ነው የሚጠሩት?" አሏት።

"አላውቅም" አለች። ደኅና ነው፣ እዚያ ጥሩ ነው ልትል ትችል ነበር፤ ምላሷ ጫፍ ደርሶም ነበር። ግን ሳትጠይቅ ደኅና ነው ማለት ነው እዚህ ያደረሳቸው። "ልጠይቅ።"

ስልክ መደወል ከምትጠላቸው ነገሮች አንዱ ነው። የማታውቀው ሰው ሲያነሣ ላብ ያጠምቃታል። አርሴሊ የጻፈችላትን ቁጥር መታች። አነሡ። የደከማት ሴት ድምፅ ነው፣ ከኋላዋ ሕፃናት ያለቅሳሉ።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር፣ ናንግ። በሽተኞቻችሁን እንዴት ነው የምትጠሩት?"

"እንዴት ማለት? በስም ነዋ። ጮኸን። ምነው?"

ማም ቲካ ኖንግ ሴሌስን አየች። ጆሯቸውን ጥለው እያዳመጡ ነው። "የሳንባ መድኃኒት የሚወስዱትንም?"

"ሁሉንም። አንቺ ማነሽ? ከቢሮ ነሽ?"

"አስተማሪ ነኝ። አስተማሪ ብቻ ነኝ" አለች። "አንድ ትልቅ ሰው ወደ እናንተ እየመጡ ነው። እዚህ ስማቸውን ሰው ፊት ጠራንባቸውና መድኃኒት አቆሙ። እኛ ነን ያጠፋነው። እዚያም ከተጠሩ አይመጡም። ሌላ መንገድ ካለ ብዬ ነው። ከሌለም ንገሪኝና እውነቱን ልንገራቸው።"

ወዲያ ማዶ ሕፃናቱ ያለቅሳሉ። ጀልባው አንዴ ጮኸ፤ ሰዎች ሻንጣቸውን ማንሣት ጀመሩ። ሪያ ሜ የማም ቲካን እጅጌ ይዛለች።

"ጠዋት ሳንከፍት ጓሮ አትክልት አጠጣለሁ" አለች ሴትዮዋ በመጨረሻ። "በጓሮው በር ይምጡ። እዚያው እሰጣቸዋለሁ። ግን ቀደም ብለው ነው፤ እኔ ሰው አልጠብቅም።"

"እነግራቸዋለሁ።"

"ደግሞ ሌላ ጊዜ ማንም እንዳይሰማሽ ርቀሽ ደውዪ። ሞተሩ ሲጮኽ እየሰማሁት ነው፤ ሰው መሐል ነሽ አይደል?"

ማም ቲካ ዞር ብላ አየች፤ እውነትም ኦቾሎኒ ሻጩ አጠገባቸው ቆሟል። ፊቷ ጋለ። ኖንግ ሴሌስ ግን ሰምተዋል። ቦርሳውን ተቀበሏት፤ አንድ ክኒን አወጡ፤ እሷ ውኃዋን ሰጠቻቸው። አንገታቸውን ቀና አድርገው ዋጡ። ጉሮሯቸው ላይ ሲወርድ አየችው፤ እሷም አብራ ዋጠች።

"በየቀኑ መልእክት ላኩልኝ፣ ኖንግ። አንድ ቃል ብቻ። ካልሆነ መተኛት አልችልም።"

"እርስዎ ከዚህ በፊትስ መቼ ተኝተው ያውቃሉ?" ብለው ሣጥናቸውን አንሥተው ወደ ጀልባው ሄዱ።

ፀጉር ቤቷን አሁን ስልክ የሚጠግን ሰው ተከራይቷታል። ኖንግ ሴሌስ አልተመለሱም። ባኮሎድ ገበያ አጠገብ ጥላ ሥር ወንበር ዘርግተው ፀጉር ያስተካክላሉ ይባላል፤ እንደ ድሮው ግን አይደለም ይላሉ ያዩአቸው። የማም ቲካ ውል በሰኔ ታደሰ፤ እሷ ግን ለመጨረሻ ጊዜ ይሆናል እያለች ነው የፈረመችው።

ጠዋት ጠዋት መልእክቱ ይመጣል። "ዋጥኩ" ይላል፤ ሌላ ነገር የለበትም። ማም ቲካ ስልኳን ፊቱን ወደ ታች አድርጋ የጠረጴዛዋ መሳቢያ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ማንም እንዲያነብ አትፈልግም፤ ለተማሪዎቿም ስለ እሱ ተናግራ አታውቅም። እነሱም ጠይቀዋት አያውቁም። ግን መሳቢያው ሳይንቀጠቀጥ ትምህርት እንደማይጀመር ሁሉም ያውቃል።

አንድ ጠዋት መሳቢያው ዝም አለ። ደወሉ ተደወለ። ማም ቲካ ጠመኔ ይዛ ሰሌዳው ፊት ቆመች፤ ምንም አልጻፈችም። መስኮቱን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ከትናንት ወዲያ ዝናብ ነበር፣ ጀልባውም ተቋርጦ ነበር፤ ታመው ይሆን፣ ሴትዮዋ ሥራ ለቃ ይሆን፣ በጓሮው በር ሲገቡ ሰው አይቷቸው ይሆን ብላ ሁሉንም አንድ በአንድ አሰበችው። ሪያ ሜ ጣቷን ትቆጥራለች። ጁንሬ እግሩን ዘርግቶ ጣሪያውን ያያል። ከኋላ አንድ አዲስ ተማሪ፣ "ዛሬ ክፍል የለም እንዴ?" አለ።

"ዝም ብለህ ተቀመጥ" አለው ጁንሬ።

ተቀመጡ። ፀሐይዋ ከመጀመሪያው ረድፍ ወንበር ወደ ሁለተኛው ተሻገረች። ዲኑ በበረንዳው ሲያልፍ ቆም ብሎ አያቸው፤ ሄደ። ከዚያ መሳቢያው ውስጥ ስልኩ ተንቀጠቀጠ። ማም ቲካ ጀርባዋን ለክፍሉ ሰጥታ መሳቢያውን ስንጥቅ አድርጋ ከፈተችው፤ አነበበችው፤ ዘጋችው። ጽሑፉ ረዘም ያለ ነበር። በዓል ነው፣ ሴትዮዋ ዘግይታ መጣች፣ ጓሮው በር ላይ ተቀምጬ ጠበቅኋት፣ ዋጥኩ ይላል።

ወደ ሰሌዳው ዞረች። የጻፈችው የመጀመሪያ መስመር ወደ ታች ተዳፍቷል። ልጆቹ ደብተራቸውን ገለጡ።